ማት ቀለምና የለገጣፎ መንገድ አቧራ

ጥር ሲገባ፣ ከአያት አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ሰፈራችን በሁለት ዓይነት አቧራ ይሸፈናል፤ አንዱ ካልተነጠፈው የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚነሣው አፈር ሲሆን፣ ሌላው በየአቅጣጫው ከሚገነቡት ቤቶች የሚቦንነው ሲሚንቶ ነው። ቀለሟ ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ የሆነ ጥቁር ግራጫ መኪና ይዤ እዚህ ስኖር የተገነዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ቀለሙን ይበልጥ የሚጎዳው አቧራው ራሱ ሳይሆን አቧራውን ለማስለቀቅ የሚቸኩል እጅ መሆኑን ነው።

ማት ቀለም ከሌላው የሚለየው በላዩ በሚደረበው ክሊር፣ ማለትም ቀለም አልባ መከላከያ ሽፋን፣ ነው። የተለመደው ክሊር ፊቱ ልስልስ ስለሆነ ብርሃንን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ የማቱ ግን እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ስለሚቀላቀልበት ሲደርቅ በዓይን የማይታይ ሻካራነት ይይዛል፣ ብርሃኑንም ይበትነዋል። ፖሊሽ የሚሠራው የክሊሩን ፊት በስሱ ፍቆ በማስተካከል ነው፤ ማት ላይ ሲያርፍ ያንኑ ሻካራነት ይደመስስና የማይለቅ አብረቅራቂ ምልክት ይተዋል። ሊስትሮ ካሞሽ ጫማ ሲቀርብለት የቀለም ቆርቆሮውን እንደማይከፍት ሁሉ፣ በየላቫጆው ያሉ ልጆችም ይህችን መኪና ሲያዩ ሰሙንና ፖሊሹን እንዲተዉልኝ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ማት ቀለሞቻቸውን ማግኖ የሚለው መርሴዲስም ሆነ ፍሮዝን የሚለው ቢኤምደብሊው ፖሊሽ እንዳይነካቸው ያስጠነቅቃሉ።

የግቢያችን ጥበቃ በዕድሜ የገፉ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ አባት ናቸው፤ ማንም ሳያዛቸው ማለዳ ተነሥተው የነዋሪውን መኪና ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ይወለውላሉ። «ጋሼ፣ የእኔን እባክዎ በደረቁ አይጥረጉልኝ» ስላቸው፣ «ምነው ልጄ፣ አቧራ ለብሳ ልትወጣ ነው?» ብለው አዘኑ። ከጨርቁ ሥር የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቀለሙን እንደምትጭርና፣ ሌላው መኪና ላይ በፖሊሽ የሚጠፋው ጭረት በዚህችኛዋ ላይ እንደማይጠፋ ሳስረዳቸው ነገሩ ገባቸው። አሁን መኪናዋን ሳይነኩ ያልፏታል፤ የወፍ ኩስ ካዩባት ግን ወዲያው ይደውሉልኛል፣ ይህም ከማንኛውም ውልወላ የሚበልጥ ውለታ ነው። ኩሱ አሲድነት ስላለው ፀሐይ ካገኘው ክሊሩን ይበላዋል፣ ማት ላይ ደግሞ የተበላውን ቦታ አሻሽቶ ማዳን አይቻልም። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ የአልትራቫዮሌት ጨረር ኃይል በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ የእኩለ ቀን ፀሐያችን ለቀለም ምሕረት የለውም። ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ኩሱ ላይ ጥቂት ደቂቃ አሳርፌ ካለሰለስኩት በኋላ ሳልፈገፍግ አነሣዋለሁ።

እጥበቱ ማለዳ፣ ኮፈኑ ሳይሞቅ መሆን አለበት። አስቀድሜ አቧራው በውኃ ብቻ እስኪወርድ አፈስሳለሁ፤ ከዚያ አሲድም አልካሊም ባልሆነ የመኪና ሻምፑ፣ በማይክሮፋይበር ጨርቅና በሁለት ባልዲ፣ አንዱን ለሳሙናው ሌላውን ጨርቁን ለማለቅለቂያ አድርጌ አጥባለሁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አላስጠጋም። ሳደርቅም ጨርቁን እያሳረፍኩ ውኃውን አስመጥጣለሁ እንጂ አልወለውልም፤ ውኃው በራሱ እንዲደርቅ ከተተወ ውስጡ ያለው ማዕድን ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ ብዙ ውኃ ይጠይቃል፣ እኛ ጋ ደግሞ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሮቶው በጎደለ ሳምንት በግማሽ ባልዲ ከማሸት አቧራዋን እንደለበሰች ብትወጣ እመርጣለሁ፤ ሰው ምን ይላል የሚለውን ለቀለሙ ስል ትቼዋለሁ። ሲሚንቶ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ጤዛ ሲነካው ይጠነክራል፣ አልካሊነቱም ክሊሩን ይጎዳል፤ ስለዚህ ጎረቤት አሸዋና ሲሚንቶ ማቡካት ሲጀምር መኪናዋን ወዲያ ማዶ አቆማለሁ። ሸራ አልብሷት የሚሉኝ አሉ፤ አቧራ የያዘ መኪና ላይ የለበሰ ሸራ ግን ነፋስ ባንቀሳቀሰው ቁጥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፍቅ፣ ካልታጠበች አላለብሳትም።

የቀለም ባለሙያዎች ማትን የሚፈሩት በምክንያት ነው። የቀለምን ነጸብራቅ የሚለካው መሣሪያ በ60 ዲግሪ ማዕዘን ሲነበብ አንጸባራቂ ቀለም ከ70 በላይ፣ ድፍን ማት ደግሞ ከ10 በታች ያሳያል፤ የክሊሩ ውፍረትና የአደራረቁ ሁኔታ ይህን ቁጥር ስለሚለውጡት፣ የተጫረውን ቦታ ብቻ ቀብቶ ከቀረው ጋር ማመሳሰል አይቻልም። ለትንሽ ጭረት በሩ ወይም ፓራፋንጎው ሙሉ በሙሉ ይቀባል።

በዚህ የተነሣ ከፋሲካ በፊት ኮፈኑንና የፊት ፓራፋንጎዎቹን ግልጽ የፖሊዩሬቴን ፊልም ላስለብሳቸው ወስኛለሁ። ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ስለሚደርስ ጠጠሩን የሚቀበለው ክሊሩ ሳይሆን እርሱ ይሆናል፤ ሲያረጅም ተልጦ ይለወጣል። ፊልሙ አንጸባራቂም ማትም ዓይነት አለው፤ አንጸባራቂው ማቱን ቀለም ጭምር አንጸባራቂ ስለሚያስመስለው፣ ከመለጠፉ በፊት ቁራጩን በሩ ላይ አሳርፌ በቀን ብርሃን ሳላየው ገንዘብ አልከፍልም።