የአያት አገር፣ የትውልድ አገር፦ አንድ ቅዳሜ በካርዲፍ

ልጄ በራግቢ (ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ) ደንብ መሠረት ለሦስት አገር መሰለፍ ይችላል። ብሪስቶል ስለተወለደ ለእንግሊዝ። የአባቱ አባት ፖንቲፕሪድ ስለተወለዱ ለዌልስ። እኔ እናቱ አዲስ አበባ ስለተወለድኩ ደግሞ፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ ለኢትዮጵያ። ደንቡ ግልጽ ነው። ተጫዋቹ ራሱ፣ ወይም ከወላጆቹ አንዱ፣ ወይም ከአያቶቹ አንዱ እዚያ አገር ከተወለደ በቂ ነው። ምንም የዘር ሐረግ የሌለው እንኳ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ ይፈቀድለታል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሦስት ዓመት ነበር የሚጠየቀው።

ለተጫዋች እንዲህ ያለ የተጻፈ ደንብ አለ። ለደጋፊ ግን የለም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ዳኛ ይሆናል። በየዓመቱ ብርዱ ሊወጣ ሲል የስድስቱ አገራት ውድድር ይጀመራል፤ ያኔ ልጄ ማንን ነው የሚደግፈው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ትምህርት ቤት ጓደኞቹ በሙሉ ለነጩ የእንግሊዝ ማሊያ ናቸው። አያቱ ቤት ሲሄድ ቀዩ የዌልስ ማሊያ ይጠብቀዋል። አንዳንድ ትልቅ ሰው ደግሞ እየሳቀ "ስንት እጅህ ነው ዌልስ?" ይለዋል። ልጁ ቆም ብሎ ያስባል። ሩብ ነው? ከሩብ ያንሳል? ፊቱ ላይ ሒሳቡን ሲሠራ አየዋለሁ፤ እኔ ግን ይህን ሒሳብ አልወደውም። ልጅ እንደ ርስት አይሸነሸንም።

አማቼ ለዌልስና እንግሊዝ ጨዋታ ሦስት ቲኬት ማግኘታቸውን ሲነግሩን ጊዜ አላጠፋሁም። ቀኑ መጋቢት አጋማሽ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2025፣ የውድድሩ የመጨረሻ ቅዳሜ።

ከብሪስቶል ወደ ዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ በባቡር ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የጨዋታ ቀን ግን መቀመጫ ማግኘት ዘበት ነው። በር አጠገብ ተጠጋግተን ቆምን። ቀይ የለበሰውም ነጭ የለበሰውም አንድ ላይ ታጭቋል። ይህ ነገር ሁሌም ደስ ይለኛል። እዚህ አገር የእግር ኳስ ቲፎዞ በፖሊስ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። ራግቢ ላይ ግን ባላጋራህ ከጎንህ ይቀመጣል፣ ጃኬትህንም ይዞልህ ይቆያል። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ቀለም ላለባቸው እንደኛ ላሉ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጄ በእጁ ወረቀት ይዟል። የዌልስን ብሔራዊ መዝሙር በፊደል ጽፌለት ነበር። አያቱ ቃሉን ቀስ እያሉ ሲሉልኝ፣ እኔ የሰማሁትን በአማርኛ ፊደል አስቀመጥኩ። ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ እንግሊዞችን ያስቸግራቸዋል፤ ለእኛ ግን "ኸ" አለችልን፣ ልክክ አለች። አንድ ድምፅ ብቻ ፊደል ጠፋለት። ምላስን ለ እንደሚሉ አድርጎ አየሩን በጎን ማስወጣት ነው። እዚያ ቦታ ላይ "ል" ጽፌ በቀይ እስክሪብቶ ከበብኳት። አጠገባችን ፊቱን በቢጫ የአበባ ቅጠል የከበበ ባርኔጣ ያጠለቀ ሰውዬ ነበር። የዳፎዲል አበባ የዌልሶች ምልክት ነው። ወረቀቱን አጎንብሶ አየና ጽሕፈቱ የምን እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ ያቺን የተከበበች ድምፅ ለልጄ ደጋግሞ እያሳየ አስጠናው። ባቡሩ በሰቨርን ወንዝ ሥር በሚያልፈው ዋሻ ውስጥ ነበር። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1886 የተከፈተ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ነው። ወደ ብርሃን ስንወጣ ዌልስ ገብተናል።

ስታዲየሙ ከባቡር ጣቢያው የደቂቃዎች መንገድ ነው፤ ታፍ ወንዝ ዳር፣ መሀል ከተማ ላይ። ጨዋታው ግን ከሰዓት በኋላ ስለነበር መጀመሪያ ወደ ባሕረ ሰላጤው ወረድን። ለልጄ ላሳየው የፈለግሁት ነገር ነበር።

የሦስት የራግቢ ተጫዋቾች የነሐስ ሐውልት ነው። ቢሊ ቦስተን፣ ክላይቭ ሱሊቫን፣ ገስ ሪስማን። ሦስቱም ካርዲፍ የተወለዱ ናቸው። የሪስማን ወላጆች ከላትቪያ የመጡ አይሁዳውያን ነበሩ። የቦስተን አባት ከሴራሊዮን ነው። አካባቢው የወደብ ሰፈር ነበር፤ ሶማሌው፣ የመኑ፣ ካሪቢያኑ፣ አየርላንዱ ተጋብቶ የኖረበት። ያኔ ራግቢ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ዌልስ የሚወደው ዩኒየን የሚባለው እስከ እ.ኤ.አ. 1995 ድረስ ለተጫዋች ደመወዝ አይከፍልም ነበር። በሰሜን እንግሊዝ ያለው ሊግ ደግሞ ይከፍላል። ወደ ሰሜን የሄደ ተጫዋች በዩኒየን ለአገሩ መሰለፍ አይችልም፤ በሩ ይዘጋበታል።

ቦስተን በ1953 ዊጋን ለሚባለው የሊግ ክለብ ፈረመ። ለዊጋን ብቻ 478 ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት) አስቆጠረ። ለዌልስ የዩኒየን ቡድን ግን አንድም ቀን አልተሰለፈም። በዚያ ዘመን ጥቁር ልጅ ለዚያ ማሊያ ይመረጣል ብሎ የሚያስብ እንዳልነበረ የሰፈሩ ሰዎች ዛሬም ይናገራሉ። ሱሊቫንም ወደ ሰሜን ሄዶ የታላቋ ብሪታኒያ የሊግ ቡድን አምበል ሆነ፤ በ1972 የዓለም ዋንጫ አነሳ። ሐውልታቸው የቆመው በ2023 ነው። ከኛ ጉዞ ጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ቦስተን "ሰር" የሚለውን ማዕረግ ተቀበለ፤ ከሊግ ተጫዋቾች የመጀመሪያው እሱ ነው።

ልጄ የሐውልቱን ጫማ በጣቱ እየነካ "ታዲያ እነሱ እዚሁ ነው የተወለዱት" አለ። "አዎ" አልኩት። "ታዲያ ለምን?" መልሱን ሳላድበሰብስ ነገርኩት። ለዚህ ነው "ንጹሕ" የሚል ቃል ከአገር ፍቅር ጋር ሲነሳ የሚከነክነኝ። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ በቀለሙ የተነሳ ያልተፈለገ ሰው ነበረ። በሌላ በኩል በ2000 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) ትልቅ ቅሌት ተነስቶ ነበር፤ ከኒው ዚላንድ የመጣው ሼን ሃዋርዝ በአያቱ በኩል ዌልሳዊ ነው ተብሎ 19 ጊዜ ከተሰለፈ በኋላ ማስረጃው የማይቆም ሆኖ ተገኘ። አንዱ በሌለ አያት ገባ፣ ሌላው የእናቱ ቤት ሰፈሩ ውስጥ እያለ ውጪ ቀረ። አማቼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ሃዋርዝ ግን ጥሩ ይጫወት ነበር" አሉ። እሱም እውነት ነው።

ስታዲየሙ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። መዝሙሩ ሲጀመር የሚሆነውን በቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ቦታው ላይ ግን ሌላ ነው። ድምፁ ከእግር ሥር ይነሳል። መዝሙሩ የተደረሰው በ1856 በአማቼ የትውልድ ከተማ በፖንቲፕሪድ ነው፤ አባት ግጥሙን፣ ልጅ ዜማውን። በ1905 ዌልስ ኒው ዚላንድን እዚሁ ካርዲፍ ስታሸንፍ ከጨዋታው በፊት ሕዝቡ ዘምሮታል። አማቼ ዌልስኛ አይናገሩም። በ2021 ቆጠራ ከዌልስ ነዋሪ ቋንቋውን እችላለሁ ያለው 17.8 በመቶ ብቻ ነው። መዝሙሩን ግን ከቃል እስከ ቃል ይዘውታል። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አገጫቸው እየተንቀጠቀጠ ዘመሩ። ልጄ ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ተከተላቸው። ከፊታችን ነጭ የለበሱ ባልና ሚስት ዞር ብለው አዩትና ፈገግ አሉ። ያቺ የተከበበች ድምፅ ላይ ሲደርስ አላመለጠችውም። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

ጨዋታው ግን ጭካኔ ነበር። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የእንግሊዙ አምበል ማሮ ኢቶጄ ትራይ አስቆጠረ። ለንደን የተወለደ፣ ወላጆቹ ናይጄሪያውያን የሆኑ ጥቁር አምበል። ልጄ በቀይ ማሊያው ውስጥ ሆኖ ብድግ አለ። ኢቶጄ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጀግናው ነው። ብድግ ካለ በኋላ ግን ዙሪያውን አየና ደነገጠ፤ ቁጭ ሊል ሲል አያቱ ትከሻውን ያዙት።

"ቁም፤ ደስ ካለህ ተደሰት። እሱም ያንተ ነው" አሉት።

አማቼ ዌልስ እንግሊዝን ስታሸንፍ ማየት የዕድሜ ልክ ምኞታቸው ነው። ባለቤታቸው እንግሊዛዊት ነበሩ፤ ልጃቸው እኔን አገባ። እንደሳቸው ያለ ሰው ይህን ሲል ክብደቱ ይታወቀኛል።

ሜዳው ላይ ያሉትን ሰዎች ብታዩ ደግሞ ከኛ ቤት የተለዩ አይደሉም። የዌልሱ ታውሉፔ ፋሌታው ቶንጋ የተወለደ ነው፤ አባቱ ለቶንጋ ተጫውተዋል። ዘመዶቹ ማኮና ቢሊ ቩኒፖላ የለበሱት የእንግሊዝን ማሊያ ነው። አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት አገር። የእንግሊዙ ፊን ስሚዝ አያት ለስኮትላንድ የተጫወቱ ናቸው። የዌልሱ ብሌር መሪ ኒው ዚላንድ ተወልዶ በእናቱ በኩል ነው ቀዩን የለበሰው። ይህን ሁሉ ለልጄ በእረፍት ሰዓት ስነግረው ከኔ በላይ ያውቀው ነበር። "ፋሌታው እኮ የኛ ምርጡ ነው እማዬ" አለኝ። "የኛ" ያለው ሳያስብበት ነው።

ውጤቱ 68 ለ 14 ሆነ። ለዌልስ በተከታታይ 17ኛው ሽንፈት ነበር። ብዙ ሰው ሳያልቅ ተነስቶ ወጣ። አማቼ አልተነሱም፤ ልጄም አልተነሳም። ደስ ያለው በእንግሊዝ ተጫዋች ነው፣ እስከ ፊሽካው ድረስ የቆየው ግን ከዌልስ ጋር ነው። ሁለቱም አንድ ልጅ ውስጥ ነው ያሉት፣ ሁለቱም ሙሉ ናቸው። ሰው በመገኘት ነው ደጋፊ የሚሆነው ብዬ አምናለሁ። በተለይ ቡድኑ ሲመታ በመገኘት።

ስንወጣ ከፊታችን የነበሩት ባልና ሚስት አማቼን ጨበጧቸው። ባልየው "በሚቀጥለው ዓመት እኛ ጋ ኑ" አላቸው። የ2026ቱ ጨዋታ ለንደን ትዊከናም ነበር። አማቼ ለቲኬቱ ያኔውኑ ስማችንን አስመዘገቡ። ልጄ የትኛውን ማሊያ እንደሚለብስ እኔ አልጠየቅሁትም፤ አልጠይቀውምም።