«ቤዙን ሰማኸው?»

በየሳምንቱ መጨረሻ አራት ሆነን በስልክ የምንጠያየቃት አንዲት ጥያቄ አለች፤ «አሁን ምን እየሰማህ ነው?» የምትናገረው የምትወደውን አልበም አይደለም፤ በዚያ ሳምንት የምር የሰማኸውን ነው። አንዱ ጓደኛችን ማንም ያልሰማውን ቀረጻ ካላመጣ እንቅልፍ አይወስደውም። አንዷ ፒያኖ የሌለበትን ሙዚቃ አትሰማም። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ሰው አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ብዙ አይጽፉም፤ ሲጽፉ ግን ነገር አላቸው። እኔ ደግሞ አንድ አልበም ላይ ወር የምከርም ሰው ነኝ። መልሴ አብዛኛውን ጊዜ «ያው ያለፈው» ነው።

ወር ገደማ ይሆነዋል፣ እንደ ልማዴ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ብዬ ጻፍኩ። የጃዙን ትራምፔት ተጫዋች የማይልስ ዴቪስን ይህን አልበም ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ጋሼ አንዲት መስመር መለሱ፤ «ቤዙን ሰማኸው?» ቤዝ ያልኩት ደብል ቤዝን ነው፤ ቆመው የሚጫወቱትን ያንን ትልቅ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ባለክር መሣሪያ።

«እንዴታ!» ልል ጣቴን ሰንዝሬ ተውኩት። የመጀመሪያው ሙዚቃ «ሶ ዋት» ላይ ዜማውን የያዘው እኮ ራሱ ቤዙ ነው። እሱ ጥያቄ ያነሳል፣ ሌሎቹ በሁለት ድምፅ ይቀበሉታል። እኔ ግን ለዓመታት ልቤ ውስጥ የቀረው ተቀባዮቹ ብቻ ናቸው።

ጥፋቱ ግማሹ የጆሮዬ፣ ግማሹ የስልኬ ነው። የደብል ቤዝ ወፍራሙ ክር በባዶው ሲነካ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ያን የሚያህል ወፍራም ድምፅ ከየት ታምጣው? ተንኮሉ ያለው ዜማው ጨርሶ ባለመጥፋቱ ላይ ነው። ክሩ ከዋናው ድምፅ በላይ የሚያወጣቸው ቀጫጭን ድምፆች ይደርሱሃል፣ አእምሮህም ከእነሱ ተነስቶ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ሳትሰማ ሰምቻለሁ ብለህ መማል ትችላለህ። ደህና ሄድፎን አድርጌ «ሶ ዋት»ን እንደገና ከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ወር ሙሉ ቤዝ ብቻ ነው የሰማሁት።

ቤዙን የሚጫወተው ፖል ቼምበርስ ነው። አልበሙ በ1959 እ.ኤ.አ. በሁለት ቀን ተቀድቶ አለቀ፤ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22። ሁለተኛው ቀን ቼምበርስ 24 ዓመት የሞላበት ልደቱ ነበር። (ሌላው የቤዝ ተጫዋች ቻርልስ ሚንገስም ኤፕሪል 22 ነው የተወለደው። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ማንም አልተደነቀልኝም።)

ስለዚህ አልበም ሲወራ «ሞዳል» የሚል ቃል ይመጣል። ቅኝት ብላችሁ ስሙት። «ሶ ዋት» አንድ ዙሩ 32 ባር (እኩል የምት ክፍል) ነው፤ 16ቱን በአንድ ቅኝት ይሄዳል፣ ስምንቱን ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ፣ የቀረውን ስምንት ተመልሶ። በቃ፣ ሌላ የለውም። ሶሎ ለሚጫወተው፣ ማለትም ተራው ደርሶ የራሱን ዜማ ለሚፈጥረው፣ ይህ ሜዳ ነው። ቤዙን ለያዘው ሰው ግን ፈተና ነው፤ ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ኖታዎች) እየተለወጠ መንገድ አያሳየውም፣ 16 ባር ሙሉ እዚያው ሰፈር ሳያሰለች መመላለስ አለበት። ቼምበርስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አንዷን ኖታ ሁለቴ ይረግጣል፣ ከዚያ ልትመጣ ነው ያልካትን ትቶ ጎረቤቷን ይነካል። ሳክስፎን የሚነፋው ጆን ኮልትሬን ሶሎ ሲጫወት ጆሮዬን ከቤዙ ላይ ለማቆየት ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደመለስኩት! ሳክስፎን ጎትቶ ይወስድሃል።

ብርቅ ነገር አዳኙ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «የትኛውን እትም?» አለኝ። ለጥያቄው ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ላይ ዋናው የቴፕ ማሽን ቀስ ብሎ ይዞር ስለነበር፣ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙዚቃዎች ጥቂት ቀጥነውና ፈጥነው ወጡ። የተስተካከለው በ1992 ነው። 33 ዓመት! ከሸክላው ጋር እየተጫወተ የተማረ ሰው መሣሪያው አልቃኝ ብሎት ስንቴ ራሱን ረግሞ ይሆን? እኔ ግን የትኛውን እንደሰማሁ ሳላጣራ ነው ወሩ ያለፈው፤ ለዚህም ተዘልፌያለሁ።

ቀጥሎ ወደ ሌላ የቤዝ ተጫዋች፣ ወደ ስኮት ላፋሮ ሄድኩ፤ እዚህ ላይ ከፒያኖ ወዳጃችን ጋር ተጣላን። ጁን 25 ቀን 1961፣ እሑድ፣ ኒውዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ የተባለው የጃዝ ክለብ። ቢል ኢቫንስ ፒያኖ፣ ላፋሮ ቤዝ፣ ፖል ሞሺያን ድራም። በዚያ ቀን አምስት ጊዜ መድረክ ላይ ወጡ። ብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማል፣ ሰው ያወራል፣ አንድ ሰው በማይሆን ቦታ ይስቃል። ላፋሮ እንደ ቼምበርስ ምት እየቆጠረ አይራመድም። ኢቫንስ አንድ ሐረግ ሲጀምር እሱ ከላይ ሌላ ይነግረዋል፣ አንዳንዴም ያቋርጠዋል። እሷ «ፒያኖውን ይሸፍንብኛል» ትላለች። እኔ ደግሞ ፒያኖው ራሱ ቦታ የሚለቅለት ይመስለኛል፤ ኢቫንስ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች ቆጥሬ ልልክላት ጀምሬ በሁለተኛው ሙዚቃ ላይ ሰለቸኝ። ብርቅ አዳኙ በበኩሉ የሚወደው «ግሎሪያስ ስቴፕ» የተባለውን የላፋሮ ድርሰት የመጀመሪያ ሙከራ ነው፤ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ የተቋረጠውን። ሰው መቼም የተለያየ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ በ11ኛው ቀን ላፋሮ በመኪና አደጋ ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር። ኢቫንስ ለወራት ሕዝብ ፊት አልተጫወተም። ከቀረጻው መጀመሪያ የወጣው አልበም በላፋሮ ድርሰት ይከፈታል፣ በላፋሮ ድርሰት ይዘጋል። የመዝጊያውን «ጄድ ቪዥንስ» ስሰማ የሚሰማኝ ሐዘን ከክሩ ይምጣ ታሪኩን ከማወቄ መለየት አቃተኝ። ሳያውቅ የሰማ ሰው ቢኖር እጠይቀው ነበር።

«መኒ ጀንግል»ን ሁለት ቀን ብቻ ነው የያዝኩት። በ1962 ፒያኒስቱ ዱክ ኤሊንግተን በ63 ዓመታቸው ከሚንገስና ከድራም ተጫዋቹ ማክስ ሮች ጋር የቀዱት ነው። ሚንገስ ክሩን የሚመታው የተጣላው ሰው ያለ ይመስል ነው፤ በቀረጻው መሐል ቤዙን ሰብስቦ ሊሄድ ብሎ ኤሊንግተን ለምነው መለሱት ይባላል። አምናለሁ። ለሄድፎን ግን ከባድ ነው።

የኮልትሬን አልበም «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ላይ ደግሞ ያፈርኩት በራሴ ነው። ኮልትሬን በድምፁ የሚደጋግማትን የአልበሙን መጠሪያ ሐረግ ሁሉም ያውቃታል። ያቺን የአራት ኖታ ሐረግ ግን ቀድሞ የሚያመጣት ጂሚ ጋሪሰን ነው፣ ገና መግቢያው ላይ፣ በቤዝ። ከመጨረሻው ክፍል በፊትም ሁሉም ዝም ብለው እሱ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ አለ። ያንን እስካሁን እንደ ማረፊያ ቆጥሬ ውኃ ልጠጣ የምነሳበት ነበር።

በዚህ ሳምንት ተራዬ ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ መልስ ነበረኝ፤ «ጃስሚን»፣ ኪት ጃሬትና ቻርሊ ሄደን፣ በ2010 የወጣው። ፒያኖና ቤዝ ብቻ። ሄደን በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር የሚዘፍን ድምፃዊ ነበር፤ በ15 ዓመቱ ፖሊዮ ድምፁን ነካው። አንዷን ኖታ ይነካና እስክትጠፋ ይጠብቃታል፣ አይቸኩልም። የፒያኖ ወዳጃችን በዚህ አንድ አልበም ታረቀችኝ።

ጋሼ ማታ ላይ ጻፉ፤ «ድራሙንስ ሰማኸው?»

አልበሙ ላይ ድራም የለም። ጋሼ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቀልድ ይሁን የቤት ሥራ ብዬ ትንሽ አሰብኩና «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን መልሼ ከፈትኩት። ከሰኞ ጀምሮ ድራሙን የሚጫወተውን ኤልቪን ጆንስን ነው የምሰማው።