የሸራ ጀልባ መብራትና ኢንተርኔት፦ መጀመሪያ አምፔሩን ቁጠሩ

መልህቅ ጥሎ በቆመ የሸራ ጀልባ ላይ መብራት በመብላት ፍሪጅን የሚያህል አልነበረም። የሳተላይት ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ ግን ተራው ተለውጧል። ስለዚህ ስንት ባትሪ፣ ስንት የሶላር ፓነል ከማለት በፊት በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት አምፔር ሰዓት (የሚሳበው አምፔር በሰዓቱ ብዛት ሲባዛ) እንደሚወጣ ጽፎ መደመር ይቀድማል።

ባለ 12 ቮልት ጀልባ እንውሰድ። ፍሪጁ ሲሠራ 4.5 አምፔር ይስባል እንበል፤ ከቀኑ ግማሹን ከሠራ 54 አምፔር ሰዓት ነው። ላፕቶፕና ስልክ 15፣ የውስጥ መብራትና የውኃ ፓምፕ 8፣ ሌሊቱን የሚያድረው የመልህቅ መብራት ኤልኢዲ ከሆነ 2። ድምሩ 79 ይመጣል። አሁን በአማካይ 60 ዋት የሚወስድ መደበኛ የስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት) አንቴና ቀንና ሌሊት ይብራ። 60 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 5 አምፔር ነው፤ በ24 ሲባዛ 120፤ ከሌላው ሁሉ ድምር ይበልጣል። ትንሹ ስታርሊንክ ሚኒ በ28 ዋት ሒሳብ ለ24 ሰዓት 56፣ ለ8 ሰዓት ብቻ ቢበራ ደግሞ 19 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። ተጨማሪ ባትሪ ከመግዛት በፊት ለአንቴናው በቀላሉ እጅ የሚደርስበት ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ጉዞ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። መሪውን በራሱ የሚይዘው አውቶፓይለት በአማካይ 3 አምፔር ከሳበ በቀን 72 አምፔር ሰዓት ያወጣል። ሸራው ከነፋሱ በላይ ሆኖ ጀልባዋ ወደ ጎን ስትጎትት ደግሞ ይጨምራል፤ ሸራ መቀነስ መብራትም ይቆጥባል።

ሚኒውን በቀን 8 ሰዓት የምታበራና መልህቅ ላይ የቆመች ጀልባ በቀን ወደ 100 አምፔር ሰዓት ታወጣለች። ፀሐይ ለ2 ቀን ብትጠፋ 200 ያስፈልጋል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዲወርድ ስለማይመከር ለዚህ 400 አምፔር ሰዓት መያዝ አለበት። ሊትየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 80 በመቶውን መጠቀም ስለሚቻል 250 ይበቃል። የአሲድ ባትሪ ከ80 በመቶ በኋላ የሚቀበለው አምፔር እየቀነሰ ስለሚሄድ የቀረችውን በሞተር ለመሙላት መሞከር ነዳጅ ማባከን ነው። ሞተር የግድ ካስፈለገ ጠዋት ባትሪው ጎድሎ ሳለ አስነሱት፤ ቀሪውን ፀሐይ ቀስ ብላ ትሙላው። ሳይሞላ ለሳምንታት የሚቆይ የአሲድ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክርና አቅሙን ያጣል።

ሊትየም በተቃራኒው የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፤ አደጋውም እዚያው ነው። ተራ የሞተር ዲናሞ ለሰዓታት ሙሉ አምፔር እንዲሰጥ አልተሠራም። በተለይ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ማራገቢያው በቂ አየር ስለማይነፍስ ዲናሞው ይግልና ይቃጠላል። ሁለተኛም፣ ባትሪውን የሚጠብቀው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ (ቢኤምኤስ) ቻርጅ መሃል በድንገት ቢቆርጥ ዲናሞው ኃይሉን የሚያሳርፍበት ያጣል፤ ቮልቴጁ ይዘልና ዳዮዶቹን ያቃጥላል። ሁለቱንም የሚፈታው ቀላል መንገድ ዲናሞውን ሞተር ከሚያስነሳው የአሲድ ባትሪ ጋር ብቻ አገናኝቶ ከዚያ ወደ ሊትየሙ በ30 አምፔር የዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር (ከአንዱ ባትሪ ወደ ሌላው የሚያልፈውን አምፔር የሚገድብ ቻርጀር) ማሳለፍ ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ዲናሞው ይኖራል። የሊትየሙን ቻርጅ ከ14.2 እስከ 14.4 ቮልት አድርጉት፤ ከ0 ዲግሪ በታች ፈጽሞ አይሞላ። ሾርት ሲፈጠር ከሊትየም የሚወጣው አምፔር በሺዎች ስለሚቆጠር ተራ ፊውዝ ቀልጦ እንኳ ብልጭታው ላይቋረጥ ይችላል። ለዚህ የሚሆነው 20,000 አምፔር ማቋረጥ የሚችለው ክላስ ቲ ፊውዝ ነው፤ ለባትሪው በተቻለ መጠን ቀርቦ፣ ከ18 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይገጠም።

400 ዋት ሶላር ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ወደ 120 አምፔር ሰዓት ይሰጣል፤ ሲደምን ግማሹም ላይገኝ ይችላል። ከደመናው ይልቅ የሚያናድደው ጥላ ነው። የምሰሶው ወይም የአንድ ወፍራም ገመድ ጥላ ጥቂት ሴሎችን ቢነካ የፓነሉ ግማሽ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፓነል የራሱ ኤምፒፒቲ መቆጣጠሪያ (ከፓነሉ የሚቻለውን ያህል ኃይል አውጥቶ ባትሪ የሚሞላ) ይኑረው፤ መልህቅ ላይ ስትሆኑም የሸራውን አግድም ምሰሶ በገመድ ወደ ጎን ሳቡት።

አሁን ብዙ ሰው ችላ ወደሚለው ሽቦ። ሚኒው 40 ዋት በሚወስድበት ሰዓት 3.3 አምፔር ይስባል። ከባትሪው 8 ሜትር ቢርቅ የደርሶ መልሱ ርዝመት 16 ሜትር ነው። ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ 0.62 ቮልት ይጠፋል፤ ይህም 5 በመቶ ነው። በ2.5 ሲሆን 0.37 ቮልት። ሚኒው ከ12 እስከ 48 ቮልት እንዲቀበል የተሠራ በመሆኑ የአሲድ ባትሪው 12.2 ላይ ሲደርስ ይህች ልዩነት አንቴናው እየጠፋ እንዲነሳ ታደርጋለች፤ ሰውም ጥፋቱን በሳተላይቱ ላይ ያላክካል። ወፍራም ሽቦ ወይም ባትሪው አጠገብ ወደ 24 ቮልት የሚያሳድግ መሣሪያ ይፈታዋል። ሽቦው በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ይሁን፤ ጫፉ በመጭመቂያ ተጨምቆ ሙጫ ባለው በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፈን።

የሊትየም ቮልቴጅ ከሙሉ እስከ ባዶ ብዙም ስለማይለወጥ ቀሪውን በቮልት ማወቅ አይቻልም፤ የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚለካ ሻንት ያለው መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። የተለመደው ስህተት የሶላር መቆጣጠሪያውን ኔጌቲቭ በቀጥታ ባትሪው ላይ ማሰር ነው። ሻንቱ የገባውን አያይም፤ ባትሪው ሞልቶ ሳለ ስክሪኑ ባዶ ነው ይላል። በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ከሻንቱ ሌላ ምንም አይታሰር።

አንቴናውን ከምሰሶው ራቅ አድርጎ ጀልባው ኋላ ላይ መትከል ይሻላል፤ ከራዳር ጨረር መስመርም ይውጣ። የስታርሊንክ መተግበሪያ የሚያሳየውን የመከለያ ካርታ (ሰማዩ ከአንቴናው የሚጋረድበትን ቦታ) ሳታዩ ቦታውን በብሎን አትጨርሱ። መደበኛውን አንቴና የባትሪውን ዲሲ ወደ ቤት መብራት ዓይነት ኤሲ በሚለውጠው ኢንቨርተር ማሠራት የሚያባክነው በሁለት መንገድ ነው፦ ዲሲው ወደ ኤሲ፣ ተመልሶም ወደ ዲሲ ሲለወጥ የሚጠፋው አለ፤ ኢንቨርተሩም ራሱ ያለ ሥራ በርቶ ይስባል። በቀጥታ ከዲሲ የሚመግብ መለወጫ ይሻላል። በረዶ የሚያቀልጠውን ማሞቂያም ከመተግበሪያው አጥፉት። ርካሽ መለወጫዎችና አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች የቪኤችኤፍ ሬዲዮን (የጀልባ መገናኛ) እና ኤአይኤስን (መርከቦች ያሉበትን የሚያሳየውን መሣሪያ) ይረብሻሉ። ለመፈተሽ ጸጥ ባለ ቻናል ላይ ስኩዌልቹን (የሬዲዮውን ጩኸት ማፈኛ) ጩኸቱ ገና ጸጥ እስኪል ብቻ አስተካክሉ፤ ከዚያ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አብሩ። ጩኸቱ የተመለሰበት ዕቃ እሱ ነው።

ከባሕር ዳር ቅርብ ስትሆኑ ባለ ሲም ካርድ ራውተር ከ10 ዋት በታች ስለሚወስድ ሳተላይቱን አጥፍቶ እሱን ማብራት ይሻላል። አንቴናው ከፍ ይበል፤ ራውተሩ ግን አብሮት ይቅረብ፤ በረጅም የአንቴና ገመድ ውስጥ ሲግናሉ ያልቃል። ወደ ታች የኔትወርክ ገመድ ይውረድ። የስልክና የላፕቶፕ ማዘመኛና የፎቶ ምትኬ በየመሣሪያው ይዘጋ።

ከባሕር ዳር ርቆ መሄድ ካለ ግን በአንድ አንቴና አትተማመኑ። ለመጠባበቂያ የሚያዝ፣ 2.4 ኪሎ ቢት በሰከንድ የሚሰጥ የኢሪዲየም (የሳተላይት ስልክ አውታር) መሣሪያ 30 ኪሎ ባይት የአየር ትንበያ ፋይል ለማውረድ የግንኙነቱን ጊዜ ሳይጨምር 100 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ፋይሉን ትንሽ ለማድረግ የምትጠይቁትን ክልል አጥብቡ፤ ነጥቦቹ በ1 ዲግሪ፣ ሰዓቱ በ12 ይራራቁ። የአደጋ ጥሪ ደግሞ ከኢንተርኔቱም ከጀልባው ባትሪም ጋር አይያያዝ፤ በ406 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው የአደጋ ጥሪ አስተላላፊ ኢፐርብ የራሱ ባትሪ አለው፤ ከመነሳታችሁ በፊት የአገልግሎት ዘመኑ የሚያበቃበትን ቀን ከላዩ ላይ አንብቡ።