ሰዓት ሊሞላ ሲል

የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች መልካቸውን እንዴት እንደቀየሩ ሳስብ ጆሮዬ የሚሄደው ሰዓት ሊሞላ ሲል ወዳሉት ሦስት ደቂቃዎች ነው። ጣቢያው አንድ ቤት ይሁን ወይም ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሲጀምር አድማጭ የለመደው የብሔራዊውን ሬዲዮ ወግ ነበር፦ ዜናውም ትምህርቱም የዘፈን ምርጫውም በአንድ ቤት ይሰናዳል፣ በአንድ ቃና ይነበባል። አዲሱ ጣቢያ ግን የአየር ሰዓት እየሸጠ ከጣቢያው ውጭ ላሉ አዘጋጆች በሩን ከፈተ። ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩና ባልደረቦቿ እዚያ በያዙት ሰዓት ያዳበሩትን የእንግዳ ጨዋታ ይዘው በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1ን አቆሙ። የጥቂት ሰዓት ፕሮግራም አድጎ ጣቢያ ሲሆን ማየት ደስ ይላል።

የአየር ሰዓት ሽያጩ ግን ሌላም ነገር አመጣ። ሰዓቱን የገዛው አዘጋጅ ስፖንሰሩን ራሱ ስለሚያፈላልግ ቶሎ ገንዘብ ወደሚያስገኘው ያዘነብላል። ለዚህ ነው የአውሮፓ እግር ኳስ ወሬ ከጣቢያ ጣቢያ የሚከተለን።

መሣሪያውም የራሱን ቅርጽ ያስይዛል። ድምፅ በተጠቀለለ ቴፕ በሚቀዳበት በሪል ዘመን 7 ኢንች ጥቅል 1,200 ጫማ ቴፕ ይይዛል፤ በሰከንድ 19 ሴንቲሜትር ሲሄድ 32 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ሁለት ሪል ይፈልጋል፣ መሐሉ ላይም ሙዚቃ ይገባል። ቆረጣው በምላጭ ነበር። ቴፑን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ እያሳለፉ የቃሉን መነሻ ይፈልጉና በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከዚያ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ይቆርጣሉ፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ መጋጠሚያው «ጧ» ይላል። ማጣበቂያው የሚለጠፈው በጀርባው ነው፤ ድምፅ በተቀዳበት ፊት ከተለጠፈ ቃሉ ይዋጣል። የተናጋሪው ትንፋሽ አብሮ ከተቆረጠ ደግሞ ሰውየው የታነቀ ይመስላል።

አሁን ሁሉም በፍላሽ ይመጣል። አንዱ አዘጋጅ ድምፁን ጥግ ድረስ ገፍቶ፣ ሌላው ዝቅ አድርጎ ያመጣል፤ አድማጩ ታክሲ ውስጥ ደንግጦ ይቀንሳል። አስተላላፊው ጋ ያለው ማመጣጠኛ ይህን ሊያስታርቅ ሲጣጣር ድምፁን ያደቀዋል። ሁሉም ሲያስረክብ ማይነስ 23 ኤል ዩ ኤፍ ኤስ (ድምፅ ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ መለኪያ) ላይ ለክቶ ቢያመጣ ጥሩ ነው፤ ከፍታው ጫፍ ብቻ ቢታይ አይበቃም፣ እኩል ጫፍ ያላቸው ሁለት ፋይሎች ለጆሮ እኩል አይደሉምና። የቴሌግራም ድምፅ ተጨምቆ፣ ተቆርጦ፣ እንደገና ሲጨመቅ «ሰ» እና «ሸ» እንደ አሸዋ ይሻክራሉ። ያልተጨመቀው ፋይል፣ ዌቭ፣ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ሰዓቱ በሙሉ 600 አካባቢ፣ ለዛሬ ፍላሽ ኢምንት ነው።

ወደ መጋጠሚያው ልመለስ። 57 ደቂቃ ብቻ የሞላ ዝግጅት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ሰዓት ጠብቅ ከተባለ ሦስት ደቂቃ ዝምታ ይሆናል፤ ተከታትለህ ልቀቅ ከተባለ ዜናው ሰዓቱን ይስታል። መድኃኒቱ የቆየ ነው፦ ልክ 3 ደቂቃ የሆነ ያለ ድምፃዊ ዜማ፣ ፌደሩ (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው) ተዘግቶ፣ በ57ኛው ደቂቃ ይነሳል። ተናጋሪው ሲጨርስ ቀስ ተብሎ ይከፈታል፤ መጨረሻው ራሱ ሰዓቱ ላይ ይወድቃል፣ የጣቢያው መለያም ይከተላል። ይህን የሚያደርግ ኦፕሬተር ግን ቦታው ላይ መኖር አለበት።