ፓስፖርትሽ የት ነው?

ዘንድሮ ጥምቀትን ሸዋሮቢት፣ ጋሼ ቤት አሳለፍኩ። ከደብረ ብርሃን ስንነሳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን፣ ጠመዝማዛውን ወርደን ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ እንደ ድሮው መኪናውን ከበቡት። ሸዋሮቢት ስንገባ ጋቢዬ ተጣጥፎ ጭኔ ላይ ነበር።

ማታ ቡና እየተፈላ የጋሼ ልጅ ጠጋ አለችኝ። «እቴቴ፣ እኔም ልሄድ ነው» አለችኝ። 19 ዓመቷ ነው። ወዴት ብዬ አልጠየቅኳትም። እኛ አካባቢ ሴት ልጅ «ልሄድ ነው» ካለች አረብ አገር ነው። አፌ ላይ የመጣው ሌላ ጥያቄ ነበር።

«ፓስፖርትሽ የት ነው?»

«ሰውየው ጋ።»

ሰውየው ማለት ደላላው ነው።

እኔም ስሄድ ከእሷ ብዙም አልበልጥም ነበር። ማዳም ፓስፖርቴን ኤርፖርት ላይ ተቀብላኝ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የሰባት ወር ደሞዜን አልከፈለችኝም። ስጠይቃት «አንቺን ለማምጣት ያወጣሁት ብር አለ» ትለኛለች። አንድ ክረምት ቤተሰቡ ለንደን ለሽርሽር ሲሄድ ልጆቹን እንድጠብቅ ይዘውኝ ሄዱ። ከእነሱ ጠፍቼ የወጣሁት በነጠላ ጫማ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፣ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

አሁን እዚያው እንግሊዝ አገር የግቢና የመናፈሻ አትክልት የሚንከባከብ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ሳር እናጭዳለን፣ ጽጌረዳ እንገርዛለን፣ ድንጋይ እናነጥፋለን። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አፈር አይከብደኝም። በገባሁ በሁለተኛው ወር ስለ ዘመናዊ ባርነት ስልጠና አለ ተባልን። አሰልጣኟ የዓለም ሥራ ድርጅት ያወጣቸውን 11 የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ታነባለች። ሰነድ መያዝ፣ ደሞዝ መከልከል፣ በዕዳ ማሰር፣ ከሰው መነጠል፣ እንደ ልብ እንዳይወጡ ማድረግ... እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። ሰባቱ የእኔ ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ክፉ ማዳም የገጠመችኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ ሕግ ስም ያወጣለት ነገር እንደሆነ አላውቅም። የዓለም ሥራ ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2021 (እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር) 27.6 ሚሊዮን ሰው በግዳጅ ሥራ ውስጥ ነበር።

እንግሊዝ በ2015 ባወጣችው ሕግ ዓመታዊ ገቢው 36 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ድርጅት ይህን ለመከላከል ምን እንዳደረገ በየዓመቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የእኛ ድርጅት ያን ያህል አይደለም። ግን የምንሠራላቸው ትልልቆቹ ስለሚጠይቁን እኛም እንጽፋለን። እውነቱን ልናገር፣ ወረቀቱ ብቻውን ማንንም አያድንም። ሕጉ «ምንም አላደረግንም» ብሎ መጻፍን እንኳ አይከለክልም።

ወረቀት ብቻውን እንደማያድን የማውቀው በአንድ ሥራ ላይ ካየሁት ነው። አንድ ትልቅ ግቢ ነበረን፤ ድንጋዩን የሚያነጥፍልን በንዑስ ተቋራጭነት የተያዘ፣ ማለትም ከእኛ ሥራ ተቀብሎ በራሱ ሰዎች የሚያሠራ ሰው ነው። ጠዋት በቫን አራት ወንዶች አምጥቶ አራገፈ። እኛ ሁላችን ብረት አፍንጫ ያለው ጫማ አድርገናል። ከእነሱ አንዱ ያደረገው ስስ የሸራ ጫማ ነው። አውራ ጣቱ በቀዳዳው ወጥቷል። ስሙን ስጠይቀው ያመጣቸው ሰው ከጀርባዬ መለሰልኝ። ለምሳ ሰዓት ሁላችንም ተቀመጥን፣ እነሱ ግን ምሳ አልያዙም። ዳቦዬን ቆርሼ ስሰጠው መጀመሪያ ያየው ዳቦውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ያ አስተያየት ገባኝ። ማዳምን የማየው እንደዚያ ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኩት። አለቃዬ ወደ ላይ አስተላለፈ። ድርጅቱ ደንግጦ በማግስቱ ከሰውየው ጋር ያለውን ውል አቋረጠ። ቫኑ ተመልሶ አልመጣም። አራቱ ሰዎችም አልመጡም። የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ውል ማቋረጥ ድርጅቱን ያጸዳዋል፣ ሰዎቹን ግን ለዚያው ሰው መልሶ ያስረክባቸዋል። መጀመሪያ መደወል ያለበት ለፖሊስ ወይም ለዘመናዊ ባርነት የእርዳታ ስልክ መስመሩ ነበር። ይህን በስብሰባ ላይ በሰባራ እንግሊዝኛዬ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ተናገርኩ። ሰሙኝ።

አሁን አሠራሩ ሌላ ነው። ንዑስ ተቋራጭ ሲመጣ ሠራተኞቹን ለየብቻ፣ ያመጣቸው ሰው በሌለበት፣ በሚገባቸው ቋንቋ እናነጋግራለን። ደሞዙ በራሱ በሠራተኛው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ መግባት አለበት። የሦስት ሰው ደሞዝ አንድ ሒሳብ ውስጥ ከገባ ወይም አሥር ሰው አንድ አድራሻ ከሰጠ እንጠይቃለን። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ሥራውን ለማግኘት ስንት ከፈልክ? ለማን? ከማን ተበድረህ?

የግቢው ድንጋይ ራሱ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ብዙው ከሕንድ፣ ከራጃስታን ነው። እዚያ ድንጋይ የሚወጣባቸው ካባዎች ውስጥ ቅድሚያ ብር ተበድሮ በዕዳው የሚሠራ ሰው አለ፣ ልጅም አለ፣ የድንጋዩ ብናኝ ሳንባውን የበላው አለ። በሥራ ላይ የሚጠለቀው የላስቲክ ጓንትም ታሪክ አለው። ከባንግላዴሽና ከኔፓል ለደላላ ተበድረው ማሌዥያ የጓንት ፋብሪካ የገቡ ሠራተኞች ነበሩበት። በ2020 አሜሪካ በዚህ ምክንያት የአንዳንድ ፋብሪካዎችን ጓንት አግዳ ነበር። አገሩ ይለያይ እንጂ ገመዱ አንድ ነው፤ ዕዳ ነው።

ለዚህ ነው ያን ማታ ሲኒዬን አስቀምጬ ልጅቷን ቀጥሎ የጠየቅኳት፦

«ማን ከፈለ?»

ጋሼ አጎንብሶ ፍሙን ይቆሰቁሳል። «አንዱን በሬ ሸጬ ነው» አለ። «የቀረውን ሰውየው ራሱ አበደረኝ። ከደሞዟ ይቆርጣል። እሱኮ የአገራችን ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም።»

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩለት። የአገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አለ። በሕጋዊ መንገድ ለሚሄድ ሰው ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ነው። ጋሼ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ «ታዲያ በሬዬ ለምኑ ነው የተሸጠው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሦስታችንም ደላላው ጋ ሄድን። ውሉን አሳየን። በአረብኛ ብቻ የተጻፈ ነው፣ ልጅቷ ፈርማበታለች። ምን እንደሚል ጠየቅኩት። «የተለመደው ነው እህቴ» አለኝ። የኤጀንሲው ፈቃድ የታለ አልኩት። አዲስ አበባ ነው አለ። ፓስፖርቱን ግን እስኪሰጠን አልተነሳንም። ሰዓት ተኩል ተቀምጠናል። ጋሼ አንድም ቃል አልተናገረም፣ ዱላውን ተደግፎ ሰውየውን ብቻ ያየው ነበር። በመጨረሻ ደላላው መሳቢያውን ከፈተ። ውስጡ የእሷ ብቻ አልነበረም። በላስቲክ የታሰሩ ፓስፖርቶች ነበሩ። የእሷን መዞ ሰጠንና መሳቢያውን መልሶ ዘጋው።

ስለ ብሩ ገና እየተከራከርን ነው። ልጅቷም ልሂድ ወይስ ልቅር አልወሰነችም። እኔም አትሂጂ አላልኳትም፣ ያን የማለት መብት የለኝም። እንዲህ ሆና እንዳትሄድ ብቻ ነው የለመንኳት። ፓስፖርቷ አሁን አልጋው ሥር፣ የእናቷ ሣጥን ውስጥ ነው። በተመለስኩበት ቀን ስሰናበታት አንገቷን ነካ አድርጋ አሳየችኝ። የሣጥኑን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አስራዋለች።