የባዶ ክፍል ድምፅ

ቃለ ምልልሱ ለሁለት ቦታ ነበር የታሰበው፤ ለመጽሔቱ በጽሑፍ፣ ለፖድካስቱ በድምፅ። ወጪ ይቆጥባል ተብሎ እንዲህ ማድረግ ተለምዷል። ሁለት ሥራ መሆኑ የሚታወቀው ግን ዕቅዱን ለሚያወጣው ሳይሆን ለሚሠራው ነው።

እንግዳችን አንጋፋ ደራሲ ናቸው። የቀረጽነው ቤታቸው፣ መጻሕፍት በሞሉበት ሳሎን ነው (ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ያስተጋባል፤ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይበትነዋል)። የድምፅ ባለሙያው ማይክሮፎኑን ከአፋቸው አንድ ስንዝር ያህል አርቆ አቆመ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገና ትንሽ ቆይቶ፣ “ጋሼ፣ ፍሪጁን ለጊዜው ብናጠፋውስ?” አላቸው። መድኃኒት ስላለበት አልፈቀዱም።

ቀረጻው አልቆ አቅራቢዋ ወረቀቷን ስትሰበስብ ባለሙያው፣ “አንድ ደቂቃ፤ ማንም እንዳይናገር፣ እንዳይንቀሳቀስ” አለ።

“ጨርሰናል እኮ!” አለችው። እጁን ብቻ አነሣላት። ያንን ደቂቃ ተቀምጠን ፍሪጅ ስናዳምጥ አሳለፍነው።

በማግስቱ ደራሲው ደወሉ። ስለ ቀድሞ አሳታሚያቸው የተናገሩት ዓረፍተ ነገር ከቃለ ምልልሱ እንዲወጣላቸው ፈልገዋል። ዋና አዘጋጃችን ሰው እየተቀረጸ መሆኑን አውቆ የተናገረውን በማግስቱ ሲጸጸት የሚያወጣ ሰው አይደለም። ይኼኛው ግን ማንነቱ በቀላሉ የሚታወቅን ሰው የደራሲ ክፍያ በልቷል የሚል ክስ ነበር፤ ሰነድ አልነበረንም፣ ተከሳሹንም አልጠየቅነውም። ስለዚህ ወጣ፤ ደራሲው ስለለመኑ አይደለም። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። በልመና ማውጣት ከጀመርን ነገ ባለሥልጣኑም ይደውላል።

በመጽሔቱ በኩል ሥራው የአፍታ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩ፣ የፊቱንና የኋላውን አገናኘሁ፣ አለቀ። በድምፅ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ለካ ደራሲው ያንን ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ የፍሪጁ ሞተር ቆሟል። ቃሉ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች ሲገጣጠሙ ከፊት የነበረው የሞተሩ እምምታ ድንገት እልም ይላል፤ ትንፋሻቸውም መሐል ላይ ይቆረጣል። ምን እንደወጣ ባያውቅም፣ አንድ ነገር መውጣቱን ማንም ሰሚ ያውቃል።

ባለሙያው በዚያች የዝምታ ደቂቃ የቀረጸውን ድምፅ ከፈተ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ተመልሶ ይሠራ ነበር። እምምታውን ከሁለተኛው ክፍል ሥር አንጥፎ ቀስ በቀስ አደበዘዘው። ለተቆረጠው ትንፋሽ ደግሞ ከዚያው ቃለ ምልልስ፣ ከሌላ ቦታ ሙሉ ትንፋሽ አምጥቶ ተካ። ደጋግሜ አዳመጥኩት፤ ስፌቱ የት እንዳለ እያወቅኩ እንኳ ላገኘው አልቻልኩም። የዚህ ሰው ስም የሚነበበው ፕሮግራሙ ሲያልቅ፣ ሰሚው ሁሉ ከዘጋ በኋላ ነው።

አቅራቢዋም ተደነቀች፤ ሐሳብም መጣላት። ከጥያቄዎቿ አንዱ የተድበሰበሰ መልስ ነበር ያገኘው። “ሌላ ቦታ ላይ ‘አዎ’ ብለዋል’ኮ። እሱን አምጥተህ እዚህ ብታስገባልኝስ?” አለችው።

“ትንፋሽ አመጣለሁ፤ ‘አዎ’ ግን አላመጣም” አለና ወደ ሥራው ዞረ። አኮረፈች። መልሱ እንደተድበሰበሰ ተላለፈ፤ እኔም በመጽሔቱ ላይ እንደዚያው አድርጌ አተምኩት።