ለአራት ሊትር ዘይት ሃምሳ ሊትር ቤንዚን

«ይቺ መኪና ሰርቪሷ አያደኸይህም?» ደብረ ማርቆስ ላይ የቶዮታዋን ስፖርት መኪና ሴሊካን ይዤ መዞር ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚህ ጥያቄ የሰለቸኝ የለም። ጠያቂው አንዳንዴ የነዳጅ ሰልፍ ላይ አጠገቤ የቆመ ሰው ነው። አንዳንዴ የባጃጅ ሾፌር ነው። አንዳንዴ ደግሞ የገዛ ባለቤቴ ናት። አጭሩ መልስ፦ መኪናዋ አታደኸይም። የሚያደኸየው መንገዱ ነው።

ስገዛት የሰርቪስ ደብተሯ ላይ ያለው ማኅተም ሁሉ የአዲስ አበባ ነበር። እኔም በዚያው ቀጠልኩ። ካምፓኒ የምንለው፣ የመኪናው አስመጪ ወኪል ጋራዥ ማለት ነው። ወለሉ የሚያበራ፣ መጠበቂያ ሶፋ ያለው፣ ሠራተኛው ሁሉ ቱታ የለበሰበት። ሥራቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። አንድ ማታ ግን ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስደምር፣ ለካምፓኒው የከፈልኩት ከጠቅላላ ወጪዬ ግማሹን እንኳ አልሞላም። ቀሪውን የበላው መንገድ ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 600። ሴሊካዋ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ያህል ትጠጣለች። ሃምሳ ሊትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሞተሯ የሚይዘው ዘይት ደግሞ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ነው። አልጋውን፣ ምግቡን፣ ከሥራ የምቀርበትን ቀን ጨምሩበት። ያውም መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ ቤንዚንም በተገኘ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ኮፈኑን ከፍቼ የሞተሩን ስም አነበብኩ። መኪናን «ስፖርት» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ነው። ሰርቪሱን ውድ ወይም ርካሽ የሚያደርገው ግን ከሥር ያለው ብረት ነው። ይቺ የመጨረሻዋ ሴሊካ እንደ ፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2006 የተሠራች ናት። ሁለት ዓይነት ሞተር ነበራት። አንደኛው ከያማሃ ጋር የተሠራው፣ 180 ፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ቱ ዜድ ዜድ ነው። ሌላው 140 ገደማ ያለው ዋን ዜድ ዜድ። የእኔዋ ሁለተኛዋ ናት። ይሄ ሞተር በዚያው ዘመን ኮሮላ ላይም የተገጠመ ነው። እንግዲህ የኮሮላ ፊልትሮና ካንዴላ የማይገኝበት ከተማ ጎጃም ውስጥ ካለ ንገሩኝ።

ሌላው ደስ ያለኝ ነገር ታይሚንጉ፣ ማለትም የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ክፍል፣ በሰንሰለት የሚሠራ መሆኑ ነው። በየጊዜው የሚቀየር ቺንጊያ የለውም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፌራሪ ኤፍ355 የሚባለው መኪና የታይሚንግ ቺንጊያው እንዲቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት። ለአንድ ቺንጊያ ሞተር ማውረድ! ቀጥሎ በመጣው 360 ላይ ነው ሞተሩ ሳይወርድ እንዲሠራ ያደረጉት። ስለዚህ ስፖርት መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ሞተሩ ከየትኛው ተራ መኪና ጋር እንደሚጋራ ጠይቁ።

ብር በብር ቁጥር እንድጽፍ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ዛሬ የምጽፈው ነገ ያረጃል። በዚያው ዓመት የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ደግሞ፣ ያለችንን መኪና ማቆየት የሁላችን ሥራ ሆኗል።

ራሴ ለመሥራት የወሰንኩት በትንሹ ነው። ዘይትና ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ባትሪ። የገዛሁት ዕቃ ጥሩ ክሪክ፣ ሁለት መደገፊያ እግር፣ የቁልፍ ሳጥን፣ ቶርክ ሬንች (ብሎን በተወሰነ ልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ) እና ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ስካነር ነው። ውድ የነበረው ቶርክ ሬንቹ ብቻ ነው። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን 37 ኒውተን ሜትር፣ ካንዴላው 18 ነው የሚጠብቀው። 18 ማለት በእጅ ሲሞከር «ኧረ ገና ነው» የሚያሰኝ ነው። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ካንዴላ የሚጠብቀው ልጁ እስኪያቃስት ድረስ ነው። የሞተሩ ራስ አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ከተበላ ወጪው የካንዴላውን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስካነሩ ደግሞ ቼክ ኢንጂን ሲበራ ኮዱን ያሳየኛል። ኮዱ ችግሩን አይነግራችሁም፤ የት ሰፈር እንዳለ ነው የሚጠቁማችሁ። ቢሆንም መካኒክ ጋ ባዶ እጅ ከመሄድ ይሻላል።

መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ክሪኩን ከሥሯ ለማስገባት መጀመሪያ ጎማዎቿን ሳንቃ ላይ አወጣታለሁ። በመደገፊያ እግር ሳይደገፍ ከሥር መግባት የለም። ክሪክ ብቻውን አይታመንም። የተቃጠለውን ዘይት ጎረቤቴ ለአጥር እንጨቱ ይወስደዋል። ምስጥ አይደፍረውም ይላል።

ዘይት ላይ ከሱቅ ጋር ክርክር አለ። «ይሄ ወፍራሙ ይሻላል፣ ሞተር ይጠብቃል» እያሉ 20W-50 ያወጣሉ። ለአሮጌ አይሱዙ ይሆናል። መመሪያው የሚለው ግን ቀጭኑን 5W-30 ነው። የማርቆስ ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ። ወፍራም ዘይት በዚያ ብርድ ላይ ወደ ላይ ለመውጣት ጊዜ ይፈጃል። የዚህ ሞተር ቫልቭ ማስተካከያ ደግሞ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ሌላው የዘይት ጣጣ አስመሳዩ ነው። ጄሪካኑ ኦሪጅናል ሆኖ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘይቱን ከካምፓኒው መሸጫ መስኮት ነው የማስገዛው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መች ይጠፋል?

ከዚህ ሁሉ ትልቁን ገንዘብ ያዳነኝ ግን የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ዋን ዜድ ዜድ ሞተሮች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ትንንሽ ስለሆኑ ይደፈናሉ። ዘይቱ መመለሻ ሲያጣ ይቃጠላል። የእኔዋም ትበላለች። «ሞተሩ ይውረድና ይታደስ» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ሥራው ትክክል ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ዘንጉን አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ አያለሁ። ከጎደለ እጨምራለሁ። በዓመት የምጨምረው ዘይት ሞተር ከማሳደስ ጋር አይወዳደርም። ይሄን ሞተር የሚገድለው ዘይት መብላቱ አይደለም፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ዘይቱ ማለቁ ነው።

ወደ ሰፈር ጋራዥ ልምጣ። ከራሴ አቅም በላይ የሆነውን የሚሠሩልኝ እዚሁ ማርቆስ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። እሳቸው ጋ ከመጽናቴ በፊት የተለያየ ጋራዥ አይቻለሁ። የብዙ ቦታ አሠራር አንድ ነው። የእጅ ዋጋው ርካሽ ይመስላል፤ ዕቃውን ግን «እኔ ላምጣልህ» ይባላል። ሱቁ ለመካኒኩ ኮሚሽን ያስባል፤ ዋጋው እናንተ ላይ ይጨመራል። ክፋት ነው ብዬ አይደለም፤ ልጆቹም የሚኖሩት በዚያው ነው። ችግሩ መካኒኩ የሚመርጠው ዕቃ ለመኪናው የሚሻለውን ሳይሆን ኮሚሽኑ የሚሻለውን መሆኑ ነው። ስለዚህ በግልጽ ተነጋገርን።

«ጋሼ፣ ዕቃውን እኔ ላምጣ። የእጅዎን ዋጋ ጨምረው ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«እሱማ ይሻላል» አሉኝ። «ግን ዕቃው እንቢ ቢል እኔን እንዳትወቅሰኝ።»

ተስማማን። የምከፍላቸው የእጅ ዋጋ ጎረቤቶቼ ከሚከፍሉት ይበልጣል። በጠቅላላ ወጪ ግን እኔ ነኝ የቀነስኩት። ዕቃውን የማስመጣው በሻንሲ ቁጥሯ አስፈልጌ ከካምፓኒው ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ። ሶማሌ ተራ ላይ የሚታመን ሰው ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ የአሮጌውን ዕቃ ፎቶ ከነቁጥሩ ልካችሁ ነው የምታስገዙት። ከዚያ በአውቶቡስ ይመጣል።

አሁን የማልደራደርበት ነገር። ፍሬን።

ማርቆስ ላይ መኪና ያለው ሰው ሁሉ አባይ በረሃን ይወርዳል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን በኩልም እንደዚያው። ፍሬኑ ሲግል ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀስ በቀስ ከአየር ውሃ ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ጀምሮ ነው። ውሃ ሲስብ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የሳበው 155። ዘይቱ ከፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉን ስትረግጡ እግራችሁ ወለል ድረስ ይገባል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ከላይ ሲነሱ ደህና የነበረ ፍሬን ታች የሚከዳው አንዳንዴ በዚህ ነው።

እኔ ዶት 4 አድርጌ በየሁለት ዓመቱ አስቀይራለሁ። መጀመሪያ ያስቀየርኩ ቀን ከመካኒኩ ጋር ቆሜ ነው ያየሁት። ፔዳሉ ላይ የወንድሜን ልጅ አስቀመጥነው። ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጎማ ጀመርን። የማስተንፈሻዋ ጫፍ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰክተን፣ ሌላውን ጫፍ ዘይት ባለበት ሃይላንድ ውስጥ ነከርነው። «ርገጥ!» ይላሉ። «ያዝ!» ብሎኑ ሩብ ዙር ይፈታል፣ ዘይቱ ይወጣል፣ ብሎኑ ይጠብቃል። «ልቀቅ!» ልጁ ከመጠበቁ በፊት ከለቀቀ አየር ይገባል፤ ሥራው ከመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ የወጣው ዘይት ጠላ ይመስል ነበር፣ ጥቁር ጠላ። ንጹሑ እስኪመጣ ድረስ ቀጠልን። «ጋሼ፣ እግሬ ዛለ» እያለ ልጁ አራቱንም ጨረሰ። በነገራችን ላይ ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው። ቁጥሩ ትልቅ ነው ብላችሁ ከዶት 3 ወይም 4 ጋር እንዳትደባልቁት።

የፊት ፍሬን ሸራም ኦሪጅናል ነው የማስገባው። እዚህ ላይ ርካሽ ፈልጎ መዞር ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። ጥሩ ፍሬንም ቢሆን ቁልቁለቱን ሙሉ ተረግጦ አይወረድም። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው የምወርደው፤ ኋላዬ ያለው ቢያጠሩምባም።

ለጎጃም ሰው የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ጋራዥ ውስጥ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲጨመቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ተለክቶ «ሞተርህ ደክሟል» ተባልኩ። ቁጥሩ መመሪያው ላይ ካለው ያንሳል፤ እውነት ነው። መመሪያው ላይ ያለው ግን ባሕር ጠለል አካባቢ የሚጠበቀው ነው። ማርቆስ 2400 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሚገባው አየር ሲቀንስ የሚጨመቀውም ይቀንሳል። አራቱም ሲሊንደር እኩል ቁጥር ነበር የሰጡት። መታየት ያለበት እሱ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢወርድ ኖሮ ያኔ እሰጋ ነበር። በዚያው ምክንያት 140 ፈረስ የተባለችው መኪናዬ እዚህ ከመቶ ብዙ አትዘልም። ቱርቦ የሌለው መኪና ሁሉ እጣው ነው፤ ሰርቪስ አይመልሰውም።

ታዲያ ካምፓኒን ተውኩት ወይ? አልተውኩትም። ኤርባግ ማንም ሰፈር ውስጥ እንዲነካብኝ አልፈልግም። ቺፕ ያለው ቁልፍ ማስቀረጽም የነሱ ሥራ ነው። ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ አስፈትሻታለሁ፤ ጉዞው በሌላ ሥራ ስለተከፈለ። ፍተሻው ሲያልቅ የሚሰጡኝን ዝርዝር ይዤ እመለስና ሥራውን እዚህ አሠራለሁ። ዋስትናው ያላለቀ አዲስ መኪና ያለው ሰው ግን እኔን አይስማ። አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ያለ ሕግ ባለንብረቱ ሰርቪሱን ሌላ ቦታ ስላሠራ ብቻ ዋስትናው እንዳይሰረዝበት ይከላከላል። እዚህ ግን የሚያዘው የፈረማችሁበት ወረቀት ነው፤ አንብቡት።

አሁን ተራው የፍሪሲዮን ነው። ከአባይ ወደ ደጀን ስወጣ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቷ ግን አይጨምርም። ዲስኩ አልቋል። ማርሹ ሳይወርድ ስለማይሠራ በእኔ ግቢ የሚሞከር አይደለም። የሁለቱንም ወገን ዋጋ ጠይቄያለሁ። የካምፓኒው የእጅ ዋጋ የጋሼን ሦስት እጥፍ ነው። ዕቃውን ከነኩሽኔታው አስልኬ ትናንት መነኻሪያ ሄጄ ተቀብያለሁ። ጋሼ ከፋሲካ በኋላ አምጣት ብለውኛል፤ እስከዚያ በዝግታ ነው።